«አቤት» የሚል ወረቀት

በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ ከሥራዬ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ስም መጥራት ነበር። ለቀልድ አይደለም የምለው። መዝገቡን ራሴ አስምሬዋለሁ፤ ስሞቹን በሰማያዊ፣ ቀኖቹን በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ። ለመጣ ልጅ ነጥብ፣ ለቀረ ልጅ ክብ። ጠዋት ጭጋጉ ገና ከዳሞታ ተራራ ወገብ ሳይላቀቅ፣ ስድሳ ሦስት ልጆች አንድ በአንድ «አቤት» ሲሉ ስሰማ ቀኑ በሥርዓት እንደተከፈተ ይሰማኝ ነበር።

ስለዚህች ቃል ጥቂት ላብራራ፤ ያለ እርሷ የምጽፈው ነገር አይገባም። የክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ እንደ እኔው ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ነው። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለነበር ከሌላው ቃል ሁሉ በፊት የማስጠናቸው «አቤት»ን ነበር። «ሰው ሲጠራችሁ ዝም አትበሉ» እላቸዋለሁ፤ «አቤት ማለት ሰምቻለሁ፣ እዚህ አለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው።» አንድ ሳምንት ሳይሞላ እናቶቻቸው በወላይትኛ ሲጠሯቸውም «አቤት!» እያሉ መመለስ ጀመሩ። በገበያ ቀን ያገኘችኝ አንዲት እናት «ልጄን ምን አደረግሽው? ቤቴን ቢሮ አስመሰለው» ብላ ተሳለቀችብኝ።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ ግን አላለችም።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናታል። የምትቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ነው። አባቷ አናጢ ናቸው፤ ከሥራ ቦታቸው ያመጣችውን፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ የመላጊያ ልጣጭ ወደ ብርሃኑ ዘርግታ ስታሽከረክር ትውላለች። ስሟን ስጠራ አትዞርም። ጮክ ብዬ ስጠራም አትዞርም። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥሩ ግን ሁለት መዳፎቿን ጆሮዎቿ ላይ ትለጥፋለች።

«መምህርት፣ እሷ እኮ ዱዳ ናት!» ይሉኛል የፊት ረድፍ ልጆች፣ ያላወቅሁትን የነገሩኝ መስሏቸው።

«ደንቆሮም ናት» ይጨምራል ሌላው።

«አንተ ነህ እንጂ፤ ትናንት ለሰሌዳ ሦስት ጊዜ ነው የጠራሁህ» ስለው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እሷ አትስቅም። ልጣጩ ይሽከረከራል።

መዝገቡ ላይ ምን እንደምጽፍ ቸገረኝ። ነጥብ እንዳልጽፍ አልመለሰችም፤ ክብ እንዳልጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ስለዚህ አዲስ ምልክት አወጣሁ፤ ሦስት ማዕዘን። «መጥታለች፣ አልመለሰችም» ማለት ነው። በገጹ ግርጌም ትርጉሙን በትንንሽ ፊደል አሰፈርሁ።

ዳይሬክተራችን መዝገብ የሚመረምሩት በወር አንድ ጊዜ ነው። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበሩ እሳቸውም በወረቀት መካከል ያደጉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ወይዘሪት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱንማ አየሁ። ስም ጥሪ ነው ወይስ ጂኦሜትሪ?»

አስረዳሁ። ማስረዳት ሲጀመር እኔን የሚያቆመኝ የለም። መጥታለች፣ ግን አልመለሰችም፤ ሆኖም ትሰማለች ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጆሮው የማይሰማ ሰው ጆሮውን ለምን ይደፍናል?

«ብርድ ይሆናል» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በር ላይ ቦታ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ መስማት ለማይችል ልጅ የሚሆን መምህርም አልነበረንም። «አንቺ የምታምኚውን ለበላይ መሥሪያ ቤት መላክ አልችልም። የምልከው መዝገቡን ነው። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ስትጠራ ከመለሰች ትቀመጣለች። ካልመለሰች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።»

አባቷን የማውቃቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ በጸሎት ቤታችን ለትልልቆች ከምሰጠው የፊደል ትምህርት ነው። ከቤሌ አካባቢ መጥተው ሶዶ የሰፈሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ማንበብ ከቻሉ ገና ጥቂት ወር ነበር፤ የተጻፈ ነገር ካዩ ግን ሳያነቡ አያልፉም። የጨው ጆንያ፣ የአውቶቡስ ጎን፣ የሐኪም ቤት በር፣ ሁሉንም ጣታቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ያነባሉ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ፊደል በፊደል ሲያነቡ፣ ከኋላቸው የተቀመጠ ሰውዬ ደንግጦ ሲጋራውን በመስኮት ወረወረ ይባላል።

ዳይሬክተሩ ያሉትን ነገርኋቸው። ቀጥሎ የተናገርሁት ሊያጽናናቸው ይችላል ብዬ ነበር። በኦቶና ሐኪም ቤት አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት መጥቷል፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሚመረምርበት መሣሪያ ይዟል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አስተረጉምለታለሁ።

«የአንጎልን ሥራ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው» አልኋቸው በወላይትኛ።

«ይጽፋል?»

«ይጽፋል። አንጎል ሲሠራ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሽቦዎቹ ራሷ ላይ ይለጠፋሉ፤ ብዕሮቹ ያንን ወረቀት ላይ ያሰፍሩታል። ትሰማ እንደሆነም ሊታይ ይችል ይሆናል።»

«በምን ፊደል ነው የሚጽፈው?»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቸኩዬ፣ ፈገግ ብዬ «በራሱ ፊደል» አልኋቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቷ ይዛት መጣች። ልጅቱ አምሮባታል፤ ጸጉሯ በለጋ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሐኪሙ ሲያያት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በዚያ ሳምንት የመጡት በሽተኞች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። ሰው ትልቅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ራሱን ተቀብቶ ነው የሚቀርበው፤ ቅቤ ደግሞ ኤሌክትሪኩን አያሳልፍም፣ በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉትንም ትንንሽ የብረት ክቦች ያንሸራትታል። ይህን ለእናትየዋ ሳስረዳ ተቆጣች።

«ያልተቀባ ራስ ይዤ ልምጣ? ድሃ አደግ ናት ይበሉኝ?»

ራሷ በሳሙና ታጠበ። ጮኸች። የመጀመሪያው ሽቦ ሲነካት ሁለተኛ ጮኸች፤ ሦስተኛው ላይ ሁሉንም ነቅላ በሩ ላይ ደረሰች። ያ ቅዳሜ በዚሁ አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናትየዋ በመንገድ እንደ ዋዛ የተናገረችው ነው ነገሩን የለወጠው። «ሰው እንዲነካት አትወድም። እኔም ካልቀባኋት አልነካትም። ስቀባት ብቻ ነው ጭኔ መሃል ቁጭ የምትለው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐኪሙን አንድ ነገር ለመንሁት። ሽቦዎቹ የሚለጠፉበት ነጭ ቅባት አለ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚመስለው። እናትየዋ ትቀባት፤ እንደ ቤቷ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ። እሱ ሚሊሜትር እየለካ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሐሳቡን ፈጽሞ አልወደደውም። ጥቂት ሲያስብ ቆየና እርሳሱን አውጥቶ በልጅቱ ራስ ላይ ቦታዎቹን በነጥብ አመለከተ። ለዚያች ለነጥቧ እንኳ ጮኸች። እናትየዋ ግን በሁለት ጉልበቷ መሃል አስቀምጣት፣ በሌባ ጣቷ ቅባቱን እየቆነጠረች፣ ነጥብ በነጥብ አሳረፈችው። ልጅቱ ዓይኖቿን ከደነች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያቀበልኋት እኔ ነኝ። ሽቦዎቹ ሁሉ ተለጥፈው እስኪያልቁ እንድትታገሥ ግን ሌላ አንድ ቅዳሜ መድገም ነበረብን፤ በመካከሉ ባለው ሳምንትም እናትየዋ በየቀኑ ያለ ሽቦ ስትለማመድ ሰነበተች። የልምምዱን ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳቸው ላይም ለጥፌላቸው ነበር። አባቷ በየቀኑ እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መሣሪያው ሠራ። ወረቀቱ እየተጎተተ ይወጣል፤ በላዩ ላይ ብዕሮች ጎን ለጎን ይንቀጠቀጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ያሰምራል፣ ዳሞታን ከሩቅ ሲያዩት እንዳለው ጠርዝ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። ሐኪሙ ከልጅቱ ጀርባ ቆሞ ትንሽ ደወል መታ። ልጅቱ አልዞረችም። ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ብዕሮቹ ግን ዘለሉ።

ሐኪሙ በዚያ ቦታ ላይ በቀይ እርሳስ ቀስት ጻፈ። ጠበቀ። ደግሞ መታ። ብዕሮቹ ደግመው ዘለሉ። እኔ ዝላዮቹን ስቆጥር እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። በመካከሉ እናትየዋና እኔ በአንድ ጊዜ ስንናገር መስመሮቹ እንደ ተፈታ ልቃቂት ተወሳሰቡ፤ ደወሉ ቢመታም የቱ ዝላይ የእርሱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«ትሰማለች» አለኝ ሐኪሙ። «ወረቀቱ የሚለው ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ አይልም።» ቀጥሎ የተናገረው ከወረቀቱ ሳይሆን በሦስቱ ቅዳሜ ካየው ነው። በእነርሱ አገር እንዲህ ላሉ ልጆች በቅርቡ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ኦቲዝም ይባላል። ድምፅ ሲበዛባት ሁሉም እኩል ይገባባታል፤ ስለዚህ አንድ ድምፅ ብቻ ስጧት፣ ከዚያ ጠብቁ፣ በየቀኑም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሁን። አንዳንድ ሐኪሞች ጥፋቱን በእናቶች መቀዝቀዝ ያመካኛሉ፣ እኔ ግን እጠራጠራለሁ ብሎም ጨመረ። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ እናትየዋን አየኋት፤ ጎንበስ ብላ የቀረውን ቅባት ከልጅቱ ጸጉር በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። ይህን አልተረጎምሁም። በአስተርጓሚነቴ ሆን ብዬ የዘለልሁት ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ አልጸጸትበትም።

ያን ቀን ከኦቶና ስመለስ መሬት አልረገጥሁም ብል ማጋነን አይሆንም። በቅደም ተከተል መሥራት! ሌሎቹ አስተማሪዎች የሚስቁብኝ ይህን አመሌን ነበር፤ አሁን በሐኪም ታዘዘ።

አባቷ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሐኪሙ የሰጠኝን ቁራጭ ወረቀት፣ ቀይ ቀስቶች ያሉበትን፣ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ከመጋዝ ብናኝ አራግፈው ተቀበሉኝ። ጣታቸውን በመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ አኖሩ። ጣቱ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

«አንብቢልኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «ምን አለች?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቁ የነበሩት ልጃቸው ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ አልነበረም። ሰባት ዓመት ዝም ያለች ልጃቸው በውስጧ ያለውን ነገር መሣሪያው ጽፎ እንዲያመጣላቸው ነበር። ይጽፋል ያልሁት እኔ ነኝ። በራሱ ፊደል ያልሁት እኔ ነኝ።

አስረዳሁ፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜ አይደለም፤ ቃል እየጠፋኝ። ቃላት አይደሉም፣ መስመር ነው አልኋቸው። ቀስቱ ደወሉ የተመታበት ነው፤ ከቀስቱ ቀጥሎ ያለው ዝላይ አንጎሏ ሲቀበለው ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። በጥንቃቄ አጥፈው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ እንደለመንኋቸው ሁለት ትንንሽ ጣውላዎችና አንድ የእንጨት መዶሻ ሠርተው አመጡልኝ። ዘዴዬ ይህ ነበር። የተራ ቁጥር አርባ አንድ ተራ ሲደርስ ስሟን ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ እጠራለሁ፤ ጣውላዬን አንድ ጊዜ መታ አደርጋለሁ፤ በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። በዚያ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከፊቷ ሌላ ጣውላ አለ፤ መልሷን በአፏ ካልቻለች በእጇ ትስጥ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነም። ልጆቹ ግን ጨዋታ አደረጉት፤ ከዴስክ በታች በጣቶቻቸው ሰባት ይቆጥራሉ። በሦስተኛው ሳምንት መታች። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለሁሉም ስም ትመታ ጀመር። ተራ ቁጥር አምስት ሲጠራም ኳ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ሲጠራም ኳ።

«ለእኔም አቤት አለችልኝ፤ እኔ ዛሬ ብቀርስ?» አለ የፊት ረድፉ ቀልደኛ።

ጣውላዋን ከፊቷ አንስቼ ተራዋ ሲደርስ ብቻ ማስቀመጥ ጀመርሁ። ቀስ በቀስ፣ ሳላነሳባትም፣ የራሷን ስም መጠበቅ ለመደች። አንዳንዴ በአራት፣ አንዳንዴ በስድስት፤ ግን ትመታለች። ይህን ሁሉ በልዩ ደብተር መዝግቤዋለሁ።

ከፋሲካ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ዳይሬክተሩ ክፍሌ ገቡ። በሩ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ስሟን ጠራሁ። ጣውላዬን መታሁ። ቆጠርሁ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። መዳፎቿን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እንደገና ሞከርሁ፤ ያው ነው። ልጆቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

«ሞክረሻል፣ ወይዘሪት» አሉኝ ዳይሬክተሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ከዚህ በላይ የሚጠይቅሽ የለም።» ወጡ።

አባቷ እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፤ ወሬው ከፊት ረድፍ ሳይጀምር አልቀረም። በምሳ ሰዓት ከዳይሬክተሩ ቢሮ ድምፃቸውን ሰምቼ ሮጥሁ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል። ጣታቸው መስመሩ ላይ ነው።

«እዚህ ቀስት አለ፣ ጌታዬ። ተጠራ ማለት ነው። ይኸው፣ ቀጥሎ ዘለለ። አቤት ነው የሚለው።» አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ በዚያን ቀን ማንም አላረማቸውም። ጣታቸው ወደፊት ሄደ። «እዚህ ተጠራ። አቤት። እዚህ ተጠራ። አቤት። አምስት ጊዜ ተጠራ፤ አምስት ጊዜ አቤት አለ። አንብቤዋለሁ።»

እኔ በር ላይ እንደቆምሁ ቀረሁ። ያልኋቸውን ሁሉ አዳምጠዋል፤ ከእኔ ይልቅ ገብቷቸዋል። ቃላት አይደሉም ብዬ ያረምኋቸው ሰው፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቸኛ ቃል አግኝተዋል።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ወረቀት በማመን ነው። «ይህ አቤቱታ ነው እንግዲህ» አሉ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም። «ታዲያ ዛሬ ለምን አልመለሰችም?»

አባቷ ዳይሬክተሩን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። ዳይሬክተሩ በቀበቷቸው ላይ የትምህርት ቤቱን ቁልፎች ሁሉ በአንድ ቀለበት ይይዛሉ፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንሿሿል፤ እኛ ስለለመድነው አንሰማውም።

«ቁልፍዎ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አባቷ።

ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ ቁልፎቹን ጠረጴዛቸው ላይ ትተው መጡ። እንደ ጠዋቱ በር ላይ ቆሙ። ስሟን ጠራሁ፤ ጣውላዬን መታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከውጭ አንድ አህያ ይጮህ ጀመር፤ ደግነቱ ቶሎ ዝም አለ። አራት። አምስት። ልጅቱ ልጣጯን ዴስኩ ላይ አስቀመጠች። ስድስት።

ኳ።

የፊት ረድፍ ልጆች ጮኸው እንዳያበላሹት በእጆቻቸው አፋቸውን ያዙ። እንዲህ ያለ ዝም ያለ ደስታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ሦስተኛ ክፍል ናት። እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ግን ፊደል ትጽፋለች፣ አጥርታም ትጽፋለች። ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ማኅተም አድርገውበት ፋይል ውስጥ ሊያስገቡት ነበር፤ አባቷ ግን እምቢ ስላሉ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ በአባቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ያነቡለታል።

ያን ቀን ግን ዳይሬክተሩ መዝገቡን አስመጡና በተራ ቁጥር አርባ አንድ መስመር ላይ የዕለቱን ቦታ ፈለጉ። ጠዋት የጻፍሁት ሦስት ማዕዘን እዚያው አለ። ይሰርዙታል ብዬ ስጠብቅ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ አንዲት ነጥብ አኖሩ።

«ይህ ምልክት አዲስ ነው፣ ወይዘሪት» አሉኝ። «ትርጉሙን ግርጌ ላይ ጻፊ።»

ጻፍሁ፤ «ተጠርታ መልሳለች።»